መርዶ በመንገድ አይነገርም

በፍራንክፈርት ሐበሻ ዘንድ ጸጋይን የማያውቅ የለም፤ በማለዳ በሩ ላይ ሊያየው የሚፈልግ ግን አንድም የለም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እንደሱ ያለ ደግ በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም። ግን ጸጋይ ማልዶ ደወል ከደወለ አንድ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ቦርንሃይም ውስጥ በርገር ሽትራሰ በሚባለው ጎዳና ላይ ድንገት የሚያገኙት ሰዎች እንኳ ሰላምታውን ከመመለሳቸው በፊት እጁን ያያሉ፤ የዳቦ ከረጢት ከያዘ እፎይ ይላሉ።

እንጀራ የበላበት ሥራ ትራም ማጽዳት ነበር። ከዚያ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። መርዶ መንገር ግን ጡረታ የለውም። ለዚህ ሥራ ማንም አልሾመውም፤ አንድ ጊዜ ለመኑት፣ እሺ አለ፤ ሁለተኛ ለመኑት፣ እሺ አለ፤ ከዚያ ወዲያ መለመኑም ቀረ።

እሱም ሥርዓት አበጅቶለት ነበር። ብቻውን አይሄድም፤ ሦስት አራት ሆነው ነው፣ አንዷም ሴት መሆን አለባት። የሚሄዱት የሐዘኑ ባለቤት ቁርስ ከቀመሰ በኋላ፣ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት ነው። ሴቲቱ ኩሽና ገብታ ምድጃው መጥፋቱን ታያለች። ልጆች ካሉ ጎረቤት ይወሰዳሉ። ጸጋይ ውሃ ይጠይቃል። ጠምቶት አይደለም፤ ሰውየው ብርጭቆውን አቀብሎ ሲመለስ አጠገቡ ያለው ሰው ትከሻውን ይዞ እንዲያስቀምጠው ነው። ያኔ ይነግረዋል፣ በአጭሩ። ነግሮም አይሄድም፤ እስኪመሽ አብሮ ይቀመጣል።

ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው የስልክ መርዶን ነው። አንድ ጊዜ ብሩኪ የሚባል ወጣት የአንድ ሰው እናት ማረፏን ሰምቶ ዋትስአፕ ላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ። ልጇ ገና አልሰማም ነበር። ኡባን በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ ሲሄድ አነበበውና ከባቡሩ ሲወርድ እዚያው ጣቢያው ላይ ወደቀ። በሚቀጥለው እሑድ ጸጋይ ወጣቶቹን ከቅዳሴ በኋላ ሰብስቦ ቁጣውን አወረደባቸው።

«በስልክ ሞተ አይባልም! ስሙኝ፣ ልጆች። በስልክ የሚባለው አሞታል፣ ቶሎ ይምጣ ነው። ያውም ለባለቤቱ ለራሱ አይደለም፤ አጠገቡ ላለ ሰው ነው። አጠገቡ ያለው ሰው ይገባዋል። መርዶ በመንገድ አይነገርም፣ በባዶ ሆድ አይነገርም፣ ሰው በሌለበት አይነገርም። ገባችሁ?»

ገባን አሉ። የጓደኛው የሓጎስ ልጅ ሓርነትም ከሁሉ ኋላ ቆማ ትሰማ ነበር።

ይህን ሁሉ ከየት አመጣው ከተባለ፣ ያመጣው ከራሱ ከሓጎስ ነው። ሁለቱ አስመራ ተወልደው፣ በአንድ ክፍል አማርኛ እየተማሩ ያደጉ ጓደኛሞች ናቸው። በወጣትነታቸው በእግራቸው ወደ ሱዳን ሲሰደዱ መንገድ ላይ ያገኙት ያገር ሰው የሓጎስ እናት ማረፋቸውን ለጸጋይ ሹክ አለው። ጸጋይ በሆዱ ያዘው። በረሃውን ጨርሰው፣ ካርቱም ገብተው፣ የሚያጽናና ሰው እስኪያገኙ ድረስ ትንፍሽ አላለም። ሓጎስ ሲሰማ አልቅሶ አልቅሶ፣ በመጨረሻ የጸጋይን ጉልበት ይዞ፣ «ያኔ ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ እል ነበር፤ አልነሳም ነበር» አለው። ከዚያ ወዲህ ጸጋይ በዚህ ነገር ተጠራጥሮ አያውቅም።

ፍራንክፈርት ሲመጡ ሓጎስ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ሆነ፣ የደሴዋን የኔነሽን አገባ፣ ፕሮይንገስሃይም ቤት አገኘ፣ ሓርነትን ወለደ። ጸጋይ አላገባም። እሑድ እሑድ ምሳው እነሱ ቤት ነው። በከተማው ውስጥ የእሱን ደወል የማትፈራ ሰው ብትኖር የኔነሽ ብቻ ናት። በሩን ከፍታ ወገቧን ይዛ ትቆማለች።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቀብር መጣህ?»

«ረሃቤን።»

«ግባ እንግዲህ፤ ለእሱስ ቀባሪ አይጠፋም።»

እንዲህ ነበሩ። ጸጋይ በዚህች ምድር ላይ እህቴ የሚላት ሰው ካለች እሷ ናት።

የስዊድኑ ጉዞ የሓጎስ ሐሳብ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሻንጣ ሲጭን፣ ወደ ስቶክሆልም በሚሄደው አውሮፕላን ላይ ድስትና ድንኳን የተንጠለጠለባቸው ትልልቅ የጀርባ ሻንጣዎች ያይ ነበር። «አንድ ቀን የራሴን ተሸክሜ እሄዳለሁ» ይላል። ጡረታ ሲወጣ ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህን ሙጥኝ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። «በእግሩ የተሰደደ ሰው ደግሞ ለመዝናናት በእግሩ ይሄዳል?» ብለው ሳቁበት። እሱ ግን ሻንጣውን ገዝቶ፣ ሩዝ በከረጢት ሞልቶበት፣ በሰፈሩ ሕንፃዎች ዙሪያ ሲዞር ይውላል። ጎረቤቶቹ ጀርመኖች ከሚስቱ ተጣልቶ ከቤት የወጣ መስሏቸው ያዝኑለት ነበር አሉ።

ስቶክሆልም ውስጥ ከካርቱም ዘመን ጀምሮ የሚያውቁት ገመቹ አለ፤ አውቶቡስ ነጂ ነው፣ ብቻውን ይኖራል፣ የሰሜኑን ተራራም ያውቀዋል። እመራችኋለሁ አለ። ጸጋይ መሄድ አልፈለገም፤ ያስገደደችው የኔነሽ ናት።

«ብቻውን አልሰደውም። አንተ አብረኸው ካለህ እኔም እተኛለሁ» አለችው ድርቆሹንና በሶውን እየቋጠረች። «እሱ ስልክ አልይዝም ብሏል። ካስፈለገ ባንተ እደውላለሁ። እንዳታጠፋብኝ ደግሞ።»

«መች አጥፍቼ አውቃለሁ?» አላት።

ስቶክሆልም ውሃ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነው። ከድልድይ ወደ ድልድይ ሲዞሩ ዋሉ። ሓጎስ ሻንጣዬን ከጀርባዬ አላወርድም ብሎ ሱቅ በገባ ቁጥር ከመደርደሪያው አንድ ነገር ይጥላል፤ ገመቹ በስዊድንኛ ይቅርታ ሲጠይቅለት ዋለ። ገመቹ ቤት ሲገቡ ሓጎስ ስልኩን አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «ይኼን ያህል ዘመን በስልክ እየጠሩ አሠሩኝ፤ አሁን የፈለገኝ ይጠብቀኝ» አለ።

በባቡር ወደ ሰሜን ሄዱ። ሲነጋ በመስኮቱ የሚታየው ዛፍ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ዛፉም እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ አለቀ። አቢስኮ የምትባል ጣቢያ ላይ ወረዱ። ከዚያ በተራሮቹ መሃል ወደ ደቡብ የሚሄደውን የእግር መንገድ ስዊድኖቹ የንጉሥ መንገድ ይሉታል። በእነሱ አካሄድ ሳምንት አልፎት የሚሄድ ነው፤ ማደሪያው በየመንገዱ ያሉ ጎጆዎች ናቸው፣ ስልክም አይሠራም።

«አየህ ጸጋይ?» አለ ሓጎስ ክንዱን ዘርግቶ። «ስንሰደድ በጅብ መንገድ፣ ስንሸመግል በንጉሥ መንገድ!»

ከጣቢያው ሳይርቁ ሓጎስና ገመቹ ኮዳ ሊሞሉ ወደ ወንዙ ወረዱ። የጸጋይ ስልክ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ሓርነት ነበረች።

«ጋሼ ጸጋይ? ፓፓ አጠገብዎ ነው?»

«የለም፣ ልጄ። ምነው?»

ስታለቅስ ሰማት። «ማማ... አሟታል። ክራንከንሃውስ፣ ሆስፒታል ነን። ልቧን ነው። እባክዎን ለፓፓ ይንገሩት። ቶሎ ይምጣ።»

ጸጋይ አጠገቡ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይህን ንግግር ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ ለስንቱ ብሎታል። ልጅቷ ታለቅሳለች። የደወለችው ለአባቷ ሳይሆን ለእሱ ነው። አሟታል፣ ይምጣ አለች። ከዚያ በላይ ምን ትበል? እዚህ አገር ተወልዳ እንኳ ወጉን ይዛዋለች ብሎ በሐዘኑ መሃል ኮራባት። የሓጎስ ስልክ መሳቢያ ውስጥ መቅረቱን፣ ልጅቷ ከእሱ በቀር የምትደውልለት እንደሌላት በዚያች ሰዓት አላሰበም፤ ቢያስብም ለውጥ አያመጣም ነበር።

«ሞሜንት፣ ጋሼ፣ አንዴ ይቆዩኝ...»

«በቃ፣ ልጄ። በቃ፣ ገብቶኛል። ራስሽን አታስጨንቂ። እናመጣዋለን። በርቺ» አለና ዘጋው። አዝኖላት ነው የዘጋው፤ ያን ክፉ ቃል ከአፏ እንዲያወጣ አልፈለገም። ቀጥሎም ስልኩን ጨርሶ አጠፋው፤ ሌላ ሰው ደውሎ ሓጎስ ጆሮ እንዳይገባ።

የኔነሽ ሞተች። ሰውየው ለስንት ሰው ሲነግር የኖረ፣ ለእሱ የሚነግረው አጥቶ ለራሱ ነገረው። ፊቱን ወደ ቁጥቋጦው አዙሮ አለቀሰ። ትከሻውን የሚይዘው አልነበረም።

ገመቹ ኮዳውን ሞልቶ ቀድሞ ሲመለስ ጸጋይ ወደ ጎን ሳበው።

«የኔነሽ አርፋለች።»

ገመቹ ራሱን ያዘ። «ማን አለ?»

«ልጅቷ ደወለች።»

«ሞተች አለችህ?»

«አሟታል፣ ቶሎ ይምጣ አለች።»

ገመቹ ትንሽ አሰበ። «ታዲያ እውነት ታማ ቢሆንስ?»

«ገመቹ፣ አንተ በሕይወትህ ስንት መርዶ ነግረሃል?»

«አንድም።»

«እንግዲያው ተወኝ።»

«ዛሬውኑ የሚመለስ ባቡር አለ። አሞኛል ብዬ ልውደቅና እንመልሰው።»

ጸጋይ ቀና ብሎ አየ። ሓጎስ ወንዙ ዳር ተንበርክኮ ፊቱን በውሃ ይመታል፤ ሻንጣውን አሁንም አላወረደም። ይህ ሰው ከዛሬ ወዲያ ባል አይባልም። ቢመለስ ባቡሩ ላይ ይጠረጥራል፤ ጠርጥሮ አንድ ቀን ሙሉ በቁሙ ይቃጠላል። ለምን? ለሟች ምን ይቸኮላል? ጀርመን አገር ቀብር እንደሆነ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ደርሶ ይቀብራታል። እስከዚያ ሕልሙን ይጨርስ። ይህችን ጥቂት ቀን ሚስት እንዳለው ሰው ይሂድ። ከዚያ ቤቱ ገብቶ፣ ሰው ከቦት፣ በወጉ ይነገረዋል። ጸጋይ ለጓደኛው የሚሰጠው ከዚህ የበለጠ ስጦታ አልታየውም።

«ይሂድ» አለ። «ሆድ ይፍጀው። እኔ እይዘዋለሁ።»

«አንተ ታውቃለህ» አለ ገመቹ።

ይህ አንተ ታውቃለህ የሚሉት ነገር ስንቱን ገደል ከቶታል! የሚያውቅ ሰው ሲሳሳት የሚመልሰው የለም፤ ሁሉም አንተ ታውቃለህ ብሎ መንገዱን ይለቅለታል።

ሄዱ። ሓጎስ እንደ እንቦሳ ይዘላል። ጉልበቴን የሚል፣ ወገቤን የሚል ሰው እንዳልነበረ፣ ረግረጉ ላይ በተዘረጋው ሳንቃ ከሁለቱ ፊት ፊት ይሄዳል። አጋዘን ባየ ቁጥር ቆሞ እጅ ይነሳል። ድርቆሹን በሙቅ ውሃ አርሶ በርበሬ ነስንሶ ለማያውቃቸው መንገደኞች ሲያቀምስ፣ «የባለቤቴ እጅ ነው» ይላል በሰባራ እንግሊዝኛ። ጸጋይ ያን ድርቆሽ መዋጥ አቃተው። እጇ የነካው ምግብ ነው፤ እጇ ግን አሁን የት ነው ያለው ብሎ ያስባል፤ በየትኛው ፍሪጅ።

«ምነው ጸጋይ፣ ጾም ገባ እንዴ?» ይለዋል ሓጎስ።

«ሆዴን ነው።»

«የኔነሽ ብትሰማ ድርቆሼን ናቀ ብላ ዓመት ታኮርፍሃለች።»

በዚያ አገር በዚያ ወራት ጨለማ የሚባል ነገር የለም። ፀሐይ ጋራው ላይ ትንከባለላለች እንጂ አትጠልቅም። ጸጋይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያለቅስበት ጥቁር ጥግ አላገኘም። ከሁለቱ ወደ ኋላ ይቀርና እየሄደ ያለቅሳል፤ ሲጠብቁት ነፋሱ ዓይኔን አቃጠለኝ ይላል። በረሃውን ሲሻገሩ እንዲህ አልነበረም። ያኔ ወጣት ነበረ፣ የሞቱትንም እናት በደንብ አያውቃቸውም ነበር። አሁን የያዘው የራሱንም ሐዘን ነው። ሐዘኑን እንዳያሳይ ይስቃል፣ ከሳቀ በኋላ ራሱን ይጠላል።

በአንዱ ጎጆ ገመቹ እንደገና መጣበት። ጎጆዋን የምትጠብቀው ስዊድናዊት የአደጋ ጊዜ ስልክ ነበራት።

«ከዚህች ሴትዮ ስልክ ለምኜ ልጅቷን ላናግራት» አለው። «ልቤ አልተቀበለውም።»

«ምን ብለህ ልታናግራት? በእርግጥ እናትሽ ሞታለች ወይ ብለህ? ለሐዘንተኛ ልጅ?»

ገመቹ አፈረ። እውነትም እንዲህ ብሎ አይጠየቅም። ሁለተኛ አላነሳውም፤ እኛም በእሱ ቦታ ብንሆን አናነሳውም ነበር።

ሐይቅ ዳር ያለ ሌላ ጎጆ ደግሞ ሳውና የሚባል የእንፋሎት ቤት ነበረው። ሽማግሌዎቹ ከወጣት ስዊድኖች ጋር እየተጋፉ ገብተው ላብ በላብ ሆኑ። ልጆቹ ከሙቀቱ ወጥተው በረዶ ወደመሰለው ሐይቅ ሲዘሉ፣ ሓጎስ እነሱን አይቶ በውስጥ ሱሪው እየሮጠ ተከትሏቸው ገባ። ጩኸቱ ተራራውን ደርሶ ተመለሰ። ብቅ ብሎ ሳቀ። መቆም እስኪያቅተው፣ ሆዱን ይዞ፣ እንባው ከሐይቁ ውሃ ጋር እየተቀላቀለ ሳቀ።

«የኔነሽ ብታየኝ!» እያለ ይጮሃል። «ጸጋይ፣ አደራ፣ አየሁት ብለህ ንገርልኝ! እኔ ብነግራት አታምነኝም!»

ጸጋይ ፎጣ ይዞ ዳር ቆሞ ነበር። «እነግርልሃለሁ» አለው። ትክክል እንዳደረገ ያመነው ያን ጊዜ ነው። ይህን ሳቅ አተረፍኩለት ብሎ አሰበ፤ በሐዘኑ ውስጥ ያገኛት መጽናኛ ይህች ብቻ ነበረች።

መንገዱ አልቆ አውቶቡስ ያለበት መንደር ሲደርሱ የገመቹ ስልክ ሠራ። ሓጎስ እጁን ዘረጋ። «እስቲ አምጣው፣ ለሴትየዋ ልደውልላት።»

ገመቹ ጸጋይን አየ።

«ተው እንጂ» አለ ጸጋይ ፈገግ ለማለት እየታገለ። «እስካሁን የጠበቅኸውን! ሳትነግራት ድንገት ግባባት።»

ሓጎስ ደስ አለው። «እውነትህን ነው። ጢሜንም አልላጭም፤ እንዲሁ ልታየኝ» አለና ስልኩን መለሰ።

ከሰሜን በባቡር ስቶክሆልም ገቡ፣ ከባቡሩ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ አለፉ። የሓጎስን ስልክ ገመቹ በፖስታ እልከዋለሁ አለ። እዚያ ነው ጸጋይ ጥግ ይዞ የገዛ ስልኩን ከስንት ቀን በኋላ የከፈተው። መልእክቱ ተከታትሎ ገባ። የልቅሶ መልእክት ነው ብሎ አላየውም። ለዕድሩ ሊቀመንበር ለአሰግድ ደወለለት።

«አሰግድ፣ ዛሬ ማታ ቤት እንገባለን። ሰው ሰብስብልኝ። ሴቶችም ይኑሩ። እሱ ገና አልሰማም።»

«እግዜር ያጥናችሁ፣ ወንድሜ» አለ አሰግድ። «ግን አንተስ ከማን ሰማህ? ያረፈችው እኮ ዛሬ ጠዋት ነው። እኛም ከክራንከንሃውስ ገና መመለሳችን ነው።»

አሰግድ ቀጠለ።

«ስልክህን ብንደውል ብንደውል ዝግ ነው። እናመጣዋለን ብለሃታል አሉ፤ ዛሬ ይገባል፣ ነገ ይገባል ስንል... ከበሩ ዓይኗን አልነቀለችም እኮ፣ ጸጋይ። ሰው በገባ ቁጥር ሓጎስ ነው ትላለች። ምን ሆናችሁ ነው?»

ጸጋይ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆመ። ሕዝቡ ሻንጣውን እየጎተተ በግራና በቀኙ ያልፋል። በሕይወት ነበረች። ወንዙ ዳር ያለቀሰላት ጊዜ በሕይወት ነበረች፤ ድርቆሿ አልዋጥ ባለው ጊዜ በሕይወት ነበረች፤ ትናንት ድንገት ግባባት ያለው ጊዜ በሕይወት ነበረች። ባሏን የነጠቃት ሞት አልነበረም፤ እሱ ነው። ከዚህ በኋላ በምድር ላይ የሚይዘውና የሚጨብጠው አጣ።

ገመቹ ሲሰናበታቸው የጸጋይን ፊት አይቶ ሁሉን ተረዳ። አቅፎት ሲያለቅስ ሓጎስ የመለያየት ለቅሶ መሰለውና፣ «ኧረ በሚቀጥለው ዓመት እንመለሳለን!» ብሎ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሓጎስ ወሬውን ይለማመዳል። መጀመሪያ ስለ አጋዘኑ ልንገራት ወይስ ስለ ሐይቁ? ሐይቁ ይቆይ፤ እሱን እየበላን። ጸጋይ አፉን ለመክፈት ሞከረ። አሁን ይንገረው? በሰማይ ላይ፣ በማያውቁት ሰው መሃል? ወጉ አይፈቅድም አለ ልቡ፤ እንደገና ወጉን ጠራ። ሰው ያሰጠመውን ገመድ እንደገና ይይዛል ወይ? ያዘ። እስከ ፍራንክፈርት ድረስ አንዲት ቃል አልወጣውም።

ሰዉ የሚጠብቃቸው ቤት ነበር። ሓርነት ግን ሽማግሌዎቹን ሳታማክር ብቻዋን መጥታ መውጫው በር ላይ ቆማለች። ሓጎስ ሲያያት ፊቱ በራ።

«አንቺ! ማን ነገረሽ? ማማ የታለች?»

ጸጋይ መሃላቸው ሊገባ ሞከረ። «መጀመሪያ ቤት እንሂድ፣ ልጄ፣ ቤት...»

ልጅቷ አላየችውም። የአባቷን ሁለት እጅ ይዛ በጀርመንኛ ነገረችው፤ እናቴ ዛሬ ጠዋት ሞተች አለችው። እንዲሁ፣ ሻንጣ በሚገፋ ሰው መሃል፣ ቆሞ ሳለ። ትከሻውን የሚይዘው ሰው አልተዘጋጀም፤ በጉልበቱ ወረደ። ሻንጣው ከጀርባው ሳይወርድ አብሮት ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ዛሬ?» አለ። «ዛሬ ጠዋት?»

«ስንጠብቅህ ነበር፣ ፓፓ። ለጋሼ ጸጋይ ነግሬአቸው ነበር። ያን ቀን አቢስኮ ሳላችሁ ነገርኳቸው።»

ሓጎስ ቀና ብሎ ጓደኛውን አየ። «ታውቅ ነበር?»

ጸጋይ ለስንቱ ሐዘንተኛ የሚሆን ቃል ሲያገኝ የኖረ ሰው ነው። ለዚህ ያገኘው ይህን ብቻ ነው፤

«የሞተች መስሎኝ ነው።»

«የሞተች መስሎህ» አለ ሓጎስ ቀስ ብሎ።

«ታማለች ነው ያልኩዎት!» አለች ሓርነት፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «የታመመ ሰው ታሟል ካልተባለ ምን ይባላል? ሞሜንት ያልኩዎት ስልኩን ለእሷ ልሰጣት ነበር። እጇን ዘርግታ ነበር። ዘጉብኝ።»

የልቅሶው አዳራሽ ፕሮይንገስሃይም ውስጥ፣ ከቤታቸው አጠገብ የተከራዩት ነው። ጸጋይ አልቀረም። ማንም አላባረረውም፤ ማንም ግን ወንበር አልሳበለትም። በሩ አጠገብ፣ ካፖርት በሚሰቀልበት ጥግ ተቀመጠ። ገመቹም ከስዊድን መጥቶ አጠገቡ ነበር፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተዋል። ከሣልስቱ በኋላ ምሽት ላይ፣ ሰው ሊበተን ሲል፣ የማጽናኛ ቃል የሚናገረው ሁልጊዜ ጸጋይ ነበር። አሰግድ ከልማድ ወደሱ ዞረ፣ ከዚያ ስህተቱ ገብቶት ራሱ ሊናገር ተነሳ።

«ጸጋይ ይናገር» አለ ሓጎስ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ቀን ወዲህ እሱና ጸጋይ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ሓጎስ ጢሙን አልተላጨም፤ በፍራሹ ላይ እንደተቀመጠ ቁጣም ስድብም በሌለው ድምፅ ጠየቀው።

«ጸጋይ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እሷ በሩን እያየች ስትጠራኝ በሰነበተችባቸው ቀናት፣ እኔ ምን ሳደርግ ነበር? እኔ ምንም አላውቅም ነበር። የሚያውቅ ዓይን ይዘህ ያየኸኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ጸጋይ ተነሳ። የሚያለሰልስ ቃል ሞልቶት ነበር፤ ትሄድ ነበር፣ ትደክም ነበር፣ ስሟን ታነሳ ነበር ማለት ይችላል፤ ሁሉም እውነት ነው። ሓጎስ ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

«ትስቅ ነበር» አለው።